ከመስመሩ በላይ ያሉት ትንንሽ ፊደሎች

አቀስታን በብርዷ የማያውቃት የለም። ከደሴ ተነስቶ ወደ መካነ ሰላም የሚያልፍ መንገደኛ እዚያ ሲደርስ ጋቢውን ይደርባል። እኔ ያደግኩት እዚያ ነው። ከልጅነቴ ቶሎ ትዝ የሚለኝም ማታ ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ድጓቸውን የሚያገላብጡት የእናቴ አጎት ናቸው። መሪጌታ ናቸው፤ ቤታችን ውስጥ ግን ሁላችንም «የኔታ» ነው የምንላቸው።

መጽሐፉ ብራና ነው። በተማሪነታቸው ዘመን ራሳቸው ቆዳ ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው የጻፉት። ፊደል የለየሁ ሰሞን አጠገባቸው ተለጥፌ አነብ ነበር፤ አንድ ቀን ከዋናው ጽሑፍ በላይ ደቃቅ ፊደሎች ተደርድረው አየሁ። አንዱ ቃል ላይ አንዲት ፊደል፣ ሌላው ላይ ሁለት፣ እዚህ ጎንበስ ያለች ጭረት፣ እዚያ ነጥብ ነጥብ። ለማንበብ ሞከርኩ፤ ቃል አልሆን አሉኝ።

«የኔታ፣ እነዚህ ምን ይላሉ?»

«ምንም አይሉ» አሉኝ። «እኔን ነው የሚያስታውሱኝ።»

ይህን መልስ ለመረዳት ሃያ ዓመት ገደማ፣ አንድ የምህንድስና ዲግሪና አንድ የተበላሸ ዓርብ አስፈለገኝ።

ከዓርቡ ልጀምር። የምሠራው አዲስ አበባ ነው፤ ሶፍትዌር እጽፋለሁ። የሙያው ሰው ላልሆናችሁ ባጭሩ፦ ብዙ ሰው በአንድ ኮድ ላይ ሲሠራ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ የሚመዘግብ መሣሪያ ያስፈልጋል። ዛሬ አብዛኛው የዓለም ፕሮግራመር የሚጠቀመው ጊት የሚባለውን ነው። እያንዳንዱ ለውጥ «ኮሚት» ሆኖ ይመዘገባል። ዋናውን ሳይነካ መሥራት ለፈለገ «ብራንች» ይከፈትለታል። ሥራው ሲያልቅ ብራንቹ ከዋናው ጋር ይዋሃዳል፤ እኛ «መርጅ ተደረገ» እንላለን። መሣሪያው ይህን ሁሉ ይችላል። ብራንች መቼ እንደሚከፈት፣ ሥራውን ማን እንደሚያይ፣ መቼ እንደሚዋሃድ ግን አይነግራችሁም። እሱ በሰዎቹ መካከል ያለ ስምምነት ነው። «ወርክፍሎው» እንለዋለን፤ በአማርኛ «የአሠራር ሥርዓት» ብንለው ያስኬዳል።

እኛ ቡድን ውስጥ ይህ ሥርዓት የሚኖረው አንድ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ግራ የገባው ሁሉ ወደ እሱ ወንበሩን ያዞራል፤ እሱም ይመልሳል። ልጁ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ለቀቀ፤ ሸኘነው፣ ኬክ ቆረስን። በሦስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ከሰዓት፣ አንድ አዲስ ባልደረባችን ዋናው ብራንች ላይ «ፎርስ ፑሽ» አደረገ። የራሱን ቅጂ በሁላችንም ታሪክ ላይ ጫነበት ማለት ነው። ክፋት የለበትም፤ ኮምፒውተሩ አልቀበልህ ሲለው ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ትእዛዝ ገልብጦ ነው። የሁለት ሰዎች የአራት ቀን ሥራ ከዋናው ማከማቻ ጠፋ። ቅዳሜንና እሑድን ከየላፕቶፑ ስንለቅም ዋልን። የአንዱ ተገኘ። የሌላዋ ልጅ ላፕቶፕ ግን በዚያው ሳምንት ተቀይሮ፣ የድሮው ተጠርጎ ነበር። የእሷን እንደገና ጻፈችው፤ ስትጽፍ ማንንም አላናገረችም።

ሰኞ አለቃችን «ሥርዓቱን ጻፈው» አለኝ። ጻፍኩ። 31 ገጽ። ሥዕል አለው፣ ማውጫ አለው፣ የእያንዳንዱ ትእዛዝ ማብራሪያ አለው። ከወር በኋላ ማን እንዳነበበው ጠየቅሁ። ሁሉም «አይቼዋለሁ» አሉ። «አይቼዋለሁ» እና «አንብቤዋለሁ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እናንተም ታውቃላችሁ።

31 ገጼ ለምን እንደከሸፈ ያሳየኝ የየኔታ ድጓ ነው። ስለዚህ ወደ አገሬ ይዣችሁ ልመለስ።

ከአቀስታ ወደ ምዕራብ፣ ሳይንት ውስጥ፣ ተድባበ ማርያም የምትባል ደብር አለች። በየኔታ መጽሐፍ ላይ ያሉት ደቃቅ ፊደሎች ታሪክ ከእሷ ጋር የተያያዘ ነው። ግን የምልክቱን ዋጋ ለማወቅ ምልክት ባልነበረበት ዘመን ነገሩ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል።

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ዜማን ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል፤ ዘመኑ 6ኛው ክፍለ ዘመን፣ ቦታው አክሱም። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች በእሱ ስም ይጠራሉ። ከእሱ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ሁለት ነገር ጎን ለጎን ተጓዘ። ቃሉ በብራና ላይ ይጻፋል፤ ዜማው ግን በዋነኛነት ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ነበር የሚተላለፈው። በእኔ ሙያ ቋንቋ፣ ኮዱ ተቀምጧል፤ አሠራሩ ግን ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። መምህሩ እስካለ ድረስ ምንም ችግር የለም። ጥያቄ ያለው ወንበሩን ያዞራል።

እ.ኤ.አ. በ1529 የአዳሉ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምና የዓፄ ልብነ ድንግል ጦር ሽምብራ ኩሬ ላይ ተጋጠሙ። በ1531 የኢማሙ ሠራዊት ያኔ «አምሐራ» ይባል ወደነበረው ግዛት ገባ። ዛሬ የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የምንለው አገር የዚያ ግዛት አካል ነበር። መካነ ሥላሴ ተቃጠለ፤ አትሮንሰ ማርያም ተቃጠለ። መካነ ሥላሴን ዓፄ ናዖድ ጀምሮት ልጁ ልብነ ድንግል ነበር የጨረሰው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከመቃጠሉ ከጥቂት ዓመታት በፊት አይቶት ጽፎለታል። የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው አረብ ፈቂህም ቢሆን በውበቱ ተደንቆ ነው የሚተርከው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኔ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ በሚያዝንበትና አብሮ በሚድርበት አገር ያደግኩ ነኝ፤ የአምስት መቶ ዓመት ቂም ልቆሰቁስ አልተነሣሁም። የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ እንዲህ ያለ ዘመን ሲመጣ ቀድሞ የሚሞተው የትኛው እውቀት ነው? አንድ መጽሐፍ ቢቃጠል ሌላ ደብር ውስጥ ቅጂው ሊኖር ይችላል። አንድ መምህር ሳያስተምር ቢሞት ግን ሌላ ቅጂ የለውም። ቃሉ ብራናው ላይ ቁጭ ብሎ ይቀራል፤ እንዴት እንደሚባል የሚያውቅ ግን የለም።

ልብነ ድንግል በ1540 ሞተ፤ ልጁ ገላውዴዎስ ነገሠ። ኢማም አሕመድ በ1543 ወይና ደጋ ላይ ወደቁ። ገላውዴዎስ እስከ 1559 ገዛ፤ በዘመኑ ካሠራቸው አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ተድባበ ማርያም ናት። ነገሥታቱን በየዘመናቸው የሚተርከው አጭሩ ዜና መዋዕል እንደሚለው፣ በእሱ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሁለት የዜማ ሊቃውንት ተነሡ፤ ለድጓው ምልክት መሥራት ጀመሩ፤ የተድባበ ማርያምን ካህናትም አስተማሩ።

ዓመቶቹን ደግማችሁ ተመልከቱ። ምልክቱ የመጣው ከዐሥራ አራት ዓመት ጦርነት በኋላ ነው። አሠራር የሚጻፈው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሰው ከጎደለ በኋላ፣ የቀሩትም ሳያልቁ። እኛም የጻፍነው ልጁ ከለቀቀና ዓርቡ ከደረሰ በኋላ ነው። ልዩነቱ እነሱ የጻፉት እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ የእኔ ወር አልቆየም።

ምን አድርገው ቢጽፉት ነው?

ብልሃቱ እንዲህ ነው። የፈረንጁ የሙዚቃ ኖታ እያንዳንዱን ድምፅ፣ ከፍታውንና ርዝመቱን፣ በአምስት መስመር ላይ ይስላል። የድጓው ምልክት ይህን አያደርግም። ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ የያዘው የዜማ ሐረግ አለ። ያ ሐረግ የሚባልበት ቃል ተቆርጦ አንድ፣ ሁለት ወይም ጥቂት ፊደል ይወሰድለታል። ከዚያ ሌላ ገጽ ላይ፣ ፍጹም ሌላ ቃል ላይ፣ ያው ዜማ ሲመጣ ያች አሕጽሮት ከቃሉ በላይ ትጻፋለች። ትርጉሟ «ይህን ቃል ያን በምታውቀው ዜማ በለው» ነው። እንዲህ ያሉት ምልክቶች በመቶዎች ይቆጠራሉ። ከነሱ ጋር የድምፁን አካሄድ የሚጠቁሙ በቅርጽ የሚለዩ ምልክቶች አሉ፦ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ። ከነዚህ ስምንት ላይ ድርስና አንብር ሲጨመሩ ዐሥር ይሆናሉ።

ፕሮግራመር ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ጊት ውስጥ እያንዳንዱ ኮሚት ባለ 40 ሆሄ መለያ አለው። እኛ ግን ስናወራ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ሆሄዎች ብቻ ነው የምንጠራው። ሰባቱ ሆሄ ሥራውን አይነግሩህም፤ ሥራው የት እንዳለ ነው የሚነግሩህ። የኔታ «ምንም አይሉ፤ እኔን ነው የሚያስታውሱኝ» ያሉት ይህንን ነበር።

አሁን 31 ገጼን አስቡት። እኔ ለማያውቅ ሰው ሁሉን ነገር ከዜሮ ላስረዳ ሞከርኩ። የማያውቀው ሰው በርዝመቱ ደከመ፤ የሚያውቀው ሰው ለእሱ የሚሆን መስመር ፈልጎ አጣ። ጌራና ራጉኤል ሦስት ነገር ያደረጉት በተቃራኒው ነው። አንደኛ፣ ዜማውን በሙሉ ሊጽፉ አልተነሡም፤ ሰው በሚያውቀው ምሳሌ ላይ ጠቆሙ። ሁለተኛ፣ ምልክቱን ለብቻው በሌላ ጥራዝ አላስቀመጡትም፤ ሥራው ካለበት ቃል ራስ ላይ አደረጉት። እኔ ግን መመሪያዬን ማንም በማይከፍተው ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኩት። ሦስተኛ፣ ጽፈው ዞር አላሉም። ዜና መዋዕሉ ምልክቱን ሠሩ ብሎ አያበቃም፤ ካህናቱን አስተማሩ ይላል።

ይህ የድሮ ሰው ብልሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ የጊትን የራሱን ታሪክ ተመልከቱ። የሊነክስ ከርነል ሠሪዎች ቢትኪፐር የሚባል የንግድ መሣሪያ በነፃ ይጠቀሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ያ ነፃ ፈቃድ ተነሣ። ሊነስ ቶርቫልድስ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ጊትን መጻፍ ጀመረ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ኃላፊነቱን ለጁኒዮ ሃማኖ አስረከበ። ይህም ከማጣት የተወለደ ነው። ጊት ሲጫን አብሮት ከሚመጡት የመመሪያ ገጾች አንዱ ደግሞ «ጊትወርክፍሎውስ» ይባላል። የሚመከሩ አሠራሮችን የሚዘረዝር ነው። ከከሸፈው ሥራዬ በኋላ ነበር በደንብ ያነበብኩት።

ገጹ ረጅም አይደለም። የጊት ሠሪዎች ራሳቸው በየቀኑ የሚከተሉትን ነው የሚናገረው፤ በሐሳብ የተፈጠረ ሥርዓት አይደለም። እያንዳንዱ ደንብ አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው፤ ለብቻው ጎላ ብሎ ይቀመጣል፤ ዙሪያውን ያለው ጽሑፍ ምክንያቱን ያስረዳል። ለምሳሌ ብራንቶቻቸው በደረጃ የተቀመጡ ናቸው፦ ለወጣው ስሪት ጥገና አንድ፣ ለሚቀጥለው ስሪት አንድ፣ ገና በሙከራ ላይ ላለው አንድ። ስህተት ሲታረም የት ይታረም? ደንቡ፦ እርማቱ ከሚያስፈልጋቸው ብራንቾች ሁሉ አሮጌው ላይ ይታረም፤ ከዚያ ወደ አዲሶቹ ይዋሃድ። ምክንያቱ፦ ከአሮጌ ወደ አዲስ ሲዋሃድ እርማቱ በሁሉም ይደርሳል። ከአዲስ ወደ አሮጌ ቢዋሃድ ግን ያልበሰለው ሥራ ሁሉ ተጎትቶ የተረጋጋው ውስጥ ይገባል። ምክንያቱን የተረዳ ሰው ደንቡን ቢረሳው እንኳ ራሱ ይደርስበታል።

ከሁሉ ደስ ያለኝ ግን መግቢያው ነው። ደንቦቹን ሁልጊዜ ቃል በቃል አትውሰዷቸው፤ በቂ ምክንያት ካላችሁ ከዚህ ገጽ ይልቅ ምክንያታችሁን አክብሩ የሚል መልእክት አለው። የእኔ 31 ገጽ እንዲህ ለማለት ድፍረቱ አልነበረውም። ሕግ ይመስል ነበር፤ ሕግ ደግሞ ሰው ይፈራዋል እንጂ አይጠቀምበትም።

«ታዲያ ሁሉም እንደየምክንያቱ ከሄደ ሥርዓቱ አይበተንም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ለዚህም የዜማ ቤት መልስ አለው።

ድጓ አንድ ነው፤ የሚባልበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። ቤተልሔም፣ ቆማና አጫብር የሚባሉ የታወቁ ቤቶች አሉ። ዛሬ በአብዛኛው አገር የሚሰማው የቤተልሔሙ ነው። ቅዳሴም እንዲሁ ነው፤ የሰለልኩላ ዜማ አለ፣ የደብረ ዓባይ ዜማ አለ። ሰለልኩላ የእኛው ወሎ ናት፤ ደብረ ዓባይ ትግራይ ናት። አንዱ ትክክል ሌላው ስህተት አይባልም። ግን አንድ ነገር ጥብቅ ነው፦ ተማሪው የማን ቤት እንደሆነ ያውቃል። የትኛውን እንደተማረ ይጠየቃል፤ ይናገራል። በአንድ ማኅሌት መካከል ሳያውቅ ከአንዱ ወደ ሌላው አይዘልም።

የእኛ ቢሮ ችግር ብራንች መብዛቱ አልነበረም። ሦስት ሰው በሦስት ዓይነት አሠራር እየሄደ፣ ሦስት መሆናቸውን ማንም አለማወቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቪንሰንት ድሪሰን የሚባል ኔዘርላንዳዊ ፕሮግራመር «ጊት ፍሎው» ተብሎ የታወቀውን የብራንች አያያዝ ጻፈ። ዓለም ተቀበለው፤ ብዙ ቡድን ሳይጠይቅ ገለበጠው። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ ሰውየው ራሱ እዚያው ጽሑፍ አናት ላይ ማሳሰቢያ ጨመረ። በየቀኑ የሚለቀቅ የዌብ ሥራ ከሆነ ሥራችሁ ከዚህ የቀለለ አሠራር ይሻላችኋል፤ ይሄኛው ቁጥር ተሰጥቶት ለሚወጣና የቆዩ ስሪቶቹም አብረው ለሚጠገኑ ሶፍትዌር ነው የሚስማማው የሚል መንፈስ ያለው ነው። ይህን ያደረገ ሰው አከብራለሁ። ቤቱን አላፈረሰም፤ የማን ቤት እንደሆነ በሩ ላይ ጻፈ።

ሌላው ጉዳይ ማረጋገጫው ነው። የድጓ ተማሪ የራሱን ድጓ በእጁ ይጽፋል። ሲጽፍ ይሳሳታል፤ ሰው ነው። አንዲት ምልክት ከተዛነፈች ስህተቱ በእሱ አይቆምም፤ ነገ መምህር ሲሆን ወደ ተማሪዎቹ ይወርዳል። ስለዚህ ትምህርቱን በየአገሩ የጨረሰ ሰው ለማስመስከር ጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም ይሄዳል። እዚያ መጽሐፉ ከቤቱ መጽሐፍ ጋር ይተያያል፤ እሱም መምህሩ ፊት ይላል፤ ይታረማል። ሲመሰክር የቤቱ ሰው ሆኖ ይመለሳል። እኛ «ፑል ሪኩዌስት» እና «ሪቪው» የምንለው ከዚህ በምን ይለያል? የሚለየው እነሱ ወራት ተቀምጠው ያዩታል፤ እኛ ደግሞ ሁለት መቶ መስመር ኮድ በሁለት ደቂቃ «ጥሩ ነው» ብለን እናሳልፋለን።

ይህ የቤተ ክርስቲያን ብቻ ወግ አይደለም። አቀስታ የጎረቤታችን ልጅ ቁርኣን ቤት ይማር ነበር። የዕለቱን አንቀጽ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ በቃሉ ይይዛል፤ ሼኹ ፊት ይቀራል። ሼኹ ሳያደምጡት ሰሌዳውን አያጥብም። ካጠበ በኋላ ሰሌዳው ባዶ ነው፤ ልጁ ግን ሙሉ ነው። ሁለታችንም በየፊናችን የተማርነው አንድ ነገር ነበር፤ የሚያውቅ ሰው ሳያደምጥህ አላለቀም።

አንድ ነገር ግን ለሰው ትዝታም፣ ለሰው ደግነትም የማይተው አለ። እዚያው ወሎ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ፣ ለአባ ኢየሱስ ሞአ የተጻፈ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ወንጌል አለ። በእንዲህ ያሉ የገዳማት ወንጌሎች ባዶ ገጾች ላይ የስጦታና የርስት መዝገብ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። ማን ሰጠ፣ በማን ዘመን፣ ማን ምስክር ነበር። መጨረሻው ላይ ብዙ ጊዜ ግዝት አለ፤ የፋቀው፣ የለወጠው የተወገዘ ይሁን የሚል። ያ የዘመኑ ቁልፍ ነበር። እኛ ግዝት የለንም፤ ዋናውን ብራንች የሚቆልፍ ቅንብር ግን አለን። እኔ 31 ገጽ ውስጥ ሦስት ቦታ ላይ «ፎርስ ፑሽ ክልክል ነው» ብዬ በደማቁ ጽፌ፣ ሁለት ደቂቃ የሚወስደውን ቁልፍ አላበራሁትም ነበር።

መመሪያውን እንደገና ጻፍኩት። አሁን ሦስት ገጽ ነው፤ የሚቀመጠውም ከኮዱ ጋር እዚያው ነው። ውስጡ ያለው ባጭሩ ይህ ነው።

ዋናው ብራንች ተቆልፏል፤ ማንም በቀጥታ አይጽፍበትም። ምክንያቱ ዓርብ ነው፤ ታሪኩ በሁለት መስመር ተጽፏል።

አንድ ብራንች ለአንድ ጉዳይ ብቻ። ሁለት ጉዳይ አብሮ ከገባ አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ሳይነኩ መመለስ አይቻልም።

እርማት ከአሮጌው ይጀምራል፤ ወደ አዲሱ ይዋሃዳል።

ከመዋሃዱ በፊት አንድ ሌላ ሰው ያነብባል። ያነበበው ሰው ስሙን ያኖራል፤ ነገ ሲበላሽ አብሮ ይጠየቃል።

ከእያንዳንዱ ደንብ አጠገብ ባለ ሰባት ሆሄ መለያ አለች። ቡድናችን ያንን ነገር በደንብ የሠራበትን አንድ እውነተኛ ኮሚት ትጠቁማለች። «እንዲህ አድርግ» ከማለት «ያን ጊዜ እንዳደረግነው አድርገው» ይሻላል። መጨረሻው ላይ የአንድ ሰው ስም አለ፤ ግራ የገባው ሁሉ እሱን ይጠይቃል። ስሙ በየሦስት ወሩ ይቀየራል፤ እውቀቱ እንደገና አንድ ጭንቅላት ውስጥ እንዳይዘጋ። ልጆቹ ባለተራውን «የኔታ» ይሉታል። እኔ አይደለሁም ያስለመድኳቸው፤ ታሪኩን ስነግራቸው ራሳቸው ጀመሩት።

ፍጹም ነው አልልም። ሁለተኛው ደንብ አሁንም ይጣሳል፤ አንዳንዴ የሚጥሰው እኔ ነኝ። ግን ሥራውን ያጣችው ልጅ ባለፈው ተራ የኔታ ነበረች። አዲስ የተቀጠረ ልጅ አጠገቧ አስቀምጣ፣ የመጀመሪያ ብራንቹን ስታስከፍተው አየሁ። መመሪያው ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ ነበር፤ እያነበበችለት ግን አልነበረም።

ባለፈው ጥር ለአስተርዮ ማርያም ወደ አቀስታ ወጣሁ። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል፤ ድጓው አሁንም አጠገባቸው ነው። ስለ ጌራና ራጉኤል፣ ስለ ጊት፣ ስለ ሦስቱ ገጽ አወራኋቸው። ስለ ኮምፒውተሩ ያልኩትን ምን ያህል እንደተከተሉኝ እንጃ፤ «የኔታ» የሚሉት ልጅ መኖሩን ስነግራቸው ግን ሳቁ።

ከዚያ ስልኬን አውጥቼ መጽሐፉን ገጽ በገጽ ፎቶ ላነሣው እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ቢቃጠል፣ ቢሰረቅ፣ ዝናብ ቢያገኘው ብዬ። ፈቀዱልኝ። ግማሽ ቀን ፈጀ። ስጨርስ ስልኩን አሳየኋቸው።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ማን ይለዋል?»

መልስ አልነበረኝም። ሁለት ተማሪ ነበራቸው፤ አንዱ ወደ ደሴ፣ አንዱ ወደ አዲስ አበባ ወርደዋል። ከነሱ በፊት ደግሞ እሳት ዳር ሆኖ ስለ ፊደሎቹ የጠየቀ፣ መልሱን ሳይጠብቅ ለትምህርት ብሎ አገር የለቀቀ አንድ ልጅ ነበር። ስልኬ ውስጥ ምልክቱ በሙሉ አለ። የሚያስታውሰው ሰው ግን እኔ አይደለሁም፤ ለእኔ የሚያስታውሰኝ ነገር አልነበረም።

«ና» አሉኝ። መጽሐፉን ገለጡና በጣታቸው አንዲት ምልክት ላይ አኖሩ። ምልክቷ የተቆረጠችበትን ሐረግ አሉት፤ ደግመው አሉት። እኔም አልኩት። «አይደለም።» እንደገና አልኩት። «አትቸኩል።» ለሦስተኛ ጊዜ ስል ዝም አሉ። በአራተኛው ጣታቸውን አነሡና ሁለት ገጽ ገልጠው ያችኑ ምልክት ሌላ ቃል ላይ አሳዩኝ። ማንም ሳይነግረኝ እንዴት እንደሚባል አወቅሁ። ድምፄ አያምርም፤ ግን አወቅሁ።

ከመቶዎቹ አንዷን ማለት ነው። ለፋሲካ ስሄድ ሌላ እንጨምራለን ብለውኛል። አዲስ አበባ ስመለስ በመመሪያችን መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ይህን ገጽ ያነበበ ሁሉ፣ የመጀመሪያውን ሥራ ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ይሥራ።